እናትሽ ስንት ሜጋ ናት?

በዓለም ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ አንድ «ቀላል ነው» ባይ ተመድቦለታል። ድሃም ይሁን ሀብታም፣ ከዚህ ሰው ያመለጠ ቤት የለም። ቧንቧ ሲፈነዳ ከጎረቤት ቀድሞ ይደርሳል። ልጅ ሲታመም ከሐኪሙ ቀድሞ ለበሽታው ስም ያወጣለታል። ሰው ሲሞት ደግሞ፣ ሐዘንተኛው እንባውን ሳይጠርግ፣ እጅጌውን ሰብስቦ «ለኔ ተዉት፣ ቀላል ነው» ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀላል የነበረው ነገር ሁሉ ይከብዳል።

ለፒም ቤተሰብ የተመደቡት ሉንግ ቻሎም ናቸው። ሉንግ የሚባለው የእናት ወይም የአባት ታላቅ ወንድም ነው። በታይላንዷ በፔትቡሪ ከተማ ግን ሉንግ ቻሎም፣ ተጠየቁም አልተጠየቁም፣ የሁሉም ሰው አጎት ናቸው። ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ የቴሌፎን ሽቦ ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በዚህ የተነሳ «ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የኔ ነው» ይላሉ፤ ሽቦ የሌለበትንም አይንቁም። አንገታቸው ላይ በአንድ ሰንሰለት የቡድሃ ክታቦችና አንድ ፍላሽ ተንጠልጥለዋል። ክታቦቹ ከመኪና አደጋ ይጠብቃሉ። ፍላሹ ከምን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ የለም፤ ውስጡ ያለው ቫይረስ ግን ከከተማው ኮምፒውተር ግማሹን ጎብኝቷል።

አንድ ጊዜ የቤተ መቅደሱን ድምፅ ማጉያ ጠገኑ። ከዚያ ወዲህ አበምኔቱ ለጸሎት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የዓሣ ጫኝ ሹፌሮች የሬዲዮ ስድብ አዳራሹን ይሞላው ጀመር። ሉንግ ቅር አላላቸውም። «ድምፁ ግን ጠርቷል ወይስ አልጠራም?» አሉ። የጎረቤታቸውን የፓ ሳይዩትን፣ የአክስት ሳይዩትን እንደ ማለት ነው፣ የሩዝ መቀቀያ ሲጠግኑላት ደግሞ መቀቀያው በባዶ እግሩ ሆኖ የነካውን ሰው ሁሉ በኤሌክትሪክ ይነዝር ጀመር። «ታዲያ ማን ነው በባዶ እግሩ ሩዝ የሚቀቅል?» አሏት። ፓ ሳይዩት እስከ ዛሬ ሩዝ የምትቀቅለው የጎማ ቦቲ ጫማ አድርጋ ነው።

የፒም እናት፣ የሉንግ ታናሽ እህት ላምዱአን ስትሞት እንግዲህ፣ መጽሐፉን የማሳተሙ ኃላፊነት በእኚህ ሰው እጅ ወደቀ።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ሬሳው ቤተ መቅደስ ውስጥ ጸሎት እየተደረሰለት ይሰነብትና ይቃጠላል። ሊሸኝ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የሟቹን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ ይሰጠዋል። የትልልቅ ሰዎች መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ሹመታቸው ብቻ ብዙ ገጽ ይፈጃል። ላምዱአን ግን ልብስ ሰፊ ነበረች። ሹመት የላትም፤ ያላት አንድ የስፌት መኪናና አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የእሷ መጽሐፍ ቀጭን ሆነ፤ ጥቂት ገጽ ሕይወት፣ ጥቂት ገጽ ጸሎት፣ የምትታወቅበት የዘንባባ ፍሬ ወጥ አሠራር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር።

ለፒም መጽሐፉ ማለት ያቺ ዓረፍተ ነገር ነበረች። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ዕለት፣ በሩን ይዛ አልገባም ብላ አለቀሰች። እናቷ የዩኒፎርሟን ኮሌታ ገልብጣ ከውስጥ አንዲት ቀይ ክር ቋጠረችላትና «ክሩ እስካለ ድረስ እናት ቅርብ ናት» አለቻት። ፒም ገባች። ዛሬ አድጋ በጣፋጭ መደብር የምትሠራ ሴት ናት፤ ግን የምትለብሰው ሸሚዝ ሁሉ ከኮሌታው ሥር ቀይ ቋጠሮ አለው። እናቷ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ መቋጠሩን አልተወችም። አሁን የሚቋጥር የለም። የቀራት ቃሉ ነበር፤ እሱን ደግሞ ወረቀት ላይ ማኖር ፈለገች። ሕይወቱንም ጸሎቱንም በእናቷ አሮጌ ኮምፒውተር ቁጭ ብላ ጻፈች፤ ዓረፍተ ነገሯን በባዶ ገጽ መሐል ብቻዋን አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ ማሳተሙን ለኔ ተዪው» አሉ ሉንግ። «ቀላል ነው።»

የጄ ሁዋይ ማተሚያ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ጄ እዚያ ትውልዳቸው ከቻይና የሆነ ሴቶች የሚጠሩበት ነው፤ እትዬ እንደ ማለት። ጄ ሁዋይ ከማሽን በላይ መጮህ ስለለመደች ማሽኑ ሲቆምም ትጮኻለች።

«ፋይሉ ምን ዓይነት ነው?»

ፒም ዞር ብላ ሉንግን አየች።

«ጥሩ ዓይነት ነው!» ብለው ሉንግ መልሰው ጮኹ።

«ጥሩነቱን ማን ጠየቀ? ጄፔግ ነው? ቲፍ ነው? ፒዲኤፍ ነው?»

«ፋይል ፋይል ነው፣ ጄ። አንቺ ብቻ አትሚ።»

ጄ ሁዋይ ፍላሹን ከነክታቦቹ ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካች። ለሽፋን የታሰበችው ፎቶ ተከፈተች። ላምዱአን በፈገግታ ብቅ አለች፤ ጄ ሁዋይ ግን ፈገግ አላለችም።

«ይቺ በስልክ መልእክት ነው የተላከችው፣ አይደል? ስልኩ እንዲያልፍለት ብሎ ፎቶ ያሳሳል። እናትሽ ስንት ሜጋ ናት?»

«ምን?» አለች ፒም።

«እናትሽ። ስንት ሜጋ ናት?»

በዚያ ሰሞን ፒም ስለ እናቷ ያልተጠየቀችው ነገር አልነበረም። በምን ታማ ሞተች፣ የተወለደችበት ቀን ማን ነው፣ የትኛውን አበባ ትወድ ነበር፤ ሁሉንም መልሳለች። ይሄን ግን የጠየቃት የለም፤ መልሱንም አታውቀውም።

«በጣም ቀላል ናት» ብላ ጄ ሁዋይ ፈረደች። «ሙሉ ገጽ ላይ ብዘረጋት ፊቷ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው የሚሆነው። ከበድ ያለች እናት አምጪልኝ።»

«ቀላል ነው!» አሉ ሉንግ።

«እኔስ ምን አልኩ? ቀላል ናት!»

ፒም በሉንግ ሞተር ብስክሌት ከኋላ ተቀምጣ ወደ ቤተ መቅደሱ ስትመለስ ነገሩ አልገባት አለ። ስልኩ ላይ ጥርት ብላ የምትታይ እናት ወረቀት ላይ እንዴት ትበተናለች? በመጨረሻዎቹ ቀናት እናቷን ከአልጋ ስታነሳት እንደ ባዶ የትራስ ልብስ ቀልላባት ነበር። ሰው ከሞተ በኋላም ይቀላል እንዴ?

ሉንግ ግን መፍትሔውን መንገድ ላይ አግኝተውታል። ሬሳ ሳጥኑ ፊት ለፊት፣ በአበባ መሐል፣ በመስታወት የተገጠመ የላምዱአን ትልቅ ፎቶ ቆሟል። «ትልቅ ነው ያለችው? ይኸው ትልቅ!» ብለው ስልካቸውን አወጡና አነሱት። በማግስቱ ጄ ሁዋይ ለናሙና አንድ ሽፋን አትማ ስታይ እጆቿን ደረቷ ላይ አገጣጥማ ወደ ኋላ አለች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

በላምዱአን ትከሻ በኩል አንድ ራሰ በራ ሰው፣ አንገቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ያንጠለጠለ፣ እያጮለቀ ነበር።

«መንፈስ ነው እንዴ? ሊወስዳት የመጣ ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሉንግ፣ ሳያፍሩ። «በመስታወቱ ታይቼ ነው። አሁንስ አልከበደችም?»

«ከብዳለች! ሁለት ሰው ሆና እንዴት አትከብድ!»

በመጨረሻ ፒም ራሷ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥታ አመጣችው፤ ጄ ሁዋይም በስካነር አነሳችው። ሽፋኑ በዚህ አለቀ። ሉንግ ግን ለሰው ሁሉ «ሽፋኑን እኔ ጨረስኩት» እያሉ አወሩ።

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። ፒም የጻፈችውን ፋይል ሉንግ «ላጣራው» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ በራሳቸው ኮምፒውተር ከፍተው፣ አጣርተው፣ መልሰው ለጄ ሁዋይ ሰጡት። በሷ ኮምፒውተር ሲከፈት ገጾቹ ቦታቸውን ለቀው ተተራመሱ። መስመሩ ወርዶ ወርዶ የሙታን ጸሎት መሐል የወጡ አሠራር ገባበት።

«ስሙማ» ብላ ጄ ሁዋይ እንደ መነኩሴ ድምፅዋን ጎትታ አነበበች። «‹የተወለደ ሁሉ ያረጃል፣ ያረጀ ሁሉ ያልፋል፣ የኮኮናት ወተቱ ሲፈላ ቃሪያውን ጨምሩ።›»

ፒም ሳታስበው ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ወዲያው ደነገጠችና አፏን ያዘች።

«አየሽ፣ እህቴ» አለች ጄ ሁዋይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ዓይነት ፋይል ገና እርጥብ ነው። በሄደበት ቤት ሁሉ የዚያን ቤት መልክ ይይዛል። የኔ ኮምፒውተር አንቺ የጻፍሽበት የፊደል ዓይነት ከሌለው የራሱን ያለብሰዋል። ፒዲኤፍ አድርገሽ አምጪልኝ። ፒዲኤፍ ማለት የታሸገ ማለት ነው፤ ፊደሉም፣ ፎቶውም፣ መስመሩም ባለበት ተቆልፎ ይመጣል። የታሸገ ዕቃ እኔ አልፈታም። እንደመጣልኝ አትማለሁ።»

«ከመጀመሪያውስ ምን አልኳት? ፒዲኤፍ አልኳት እኮ!» አሉ ሉንግ።

«‹ፋይል ፋይል ነው› አይደል እንዴ ያሉት?» አለች ፒም።

«እሱን ያልኩት ለአጠቃላይ ዕውቀት ነው።»

ያን ዕለት ፒም ፋይሉን ራሷ ልታሽገው አስባ ነበር። ግን ለመነኮሳቱ ምግብ የሚያቀርበው የሷ ቤት ነበር፤ እንግዳም ከሩቅ መጥቷል። ጥያቄው ደግሞ ተደራርቦባታል፤ የአበባው ቀለም፣ የወንበሩ ኪራይ፣ የትኛው ዘመድ ከየትኛው ዘመድ ጎን እንደማይቀመጥ። በዚህ ሁሉ መሐል ሉንግ መጥተው «ቀላል ነው፣ እኔ ጋ አለ፤ አሽጌ እሰጣታለሁ» ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ሉንግ ጋ ግን አንድ ፋይል አልነበረም። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛ» እና «የመጨረሻ እውነተኛ ይሄኛው» የሚባሉ ፋይሎች ነበሯቸው። ሁሉም በእርሳቸው ኮምፒውተር ተከፍተው የተዘጉ ነበሩ። አንዱን መርጠው አሸጉ። ደረታቸው ላይ ከክታቦቹ ጋር አንጠልጥለው ሲሄዱ ያየ ሰው ቅርስ የሚያጓጉዙ ይመስለው ነበር።

መጻሕፍቱ አርብ ጠዋት በካርቶን ሆነው ቤተ መቅደስ ደረሱ። በልማዱ አርብ ሬሳ አይቃጠልም፤ ማቃጠሉ ለቅዳሜ ነበር። ፓ ሳይዩት ከሁሉ ቀድማ አንዱን መዝዛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካክላ፣ ለተሰበሰቡት ሴቶች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«‹ላምዱአን ሥራ ወዳድ ነበረች። ዕድሜዋን በሙሉ...›» ቆም አለች። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። «‹...ዕድሜዋን በሙሉ ነብር ስትሰፋ ኖረች።›»

«ምን ስትሰፋ?» አሉ ሴቶቹ።

«ነብር ነው የሚለው። ‹የከተማው ልጅ ሁሉ እሷ የሰፋችውን ነብር ለብሶ ትምህርት ቤት ሄዷል።›»

የታይ ፊደል አናቱ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ይሸከማል። እኛ «ዋና» ብለን ጽፈን መዋኘቱ ይሁን ዋነኛው ለአንባቢው ጆሮ እንተዋለን፤ እነሱ ግን የድምፁን መውጣትና መውረድ በምልክት ያስሩታል። ምልክቷ ከወደቀች ቃሉ ሌላ ቃል ነው። ሸሚዝ የሚለው ቃል ምልክቷ ስትወድቅበት ነብር ይሆናል። ፒም የተጠቀመችበት የፊደል ዓይነት በሉንግ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ሲያለብሰው እነዚያ ትንንሽ ምልክቶች እንደ በሰለ ማንጎ ረግፈዋል። ሉንግ ደግሞ የረገፈውን ገጽ አሽገውታል። ማሸጊያው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ስሕተቱን አንድ ሳያጎድል ጠብቆ አድርሷል።

ፓ ሳይዩት ማንበቧን ቀጠለች። «‹ከፒም በቃ ጋር የተጋባችው በወጣትነቷ ነው።›» አባት የሚለው ቃልም ምልክቱን ጥሎ «በቃ» ሆኖ ነበር። «‹የፒም በቃ ልጅቱ ትንሽ ሳለች ሞተ።›»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው እርስ በርስ ላለመተያየት ሞከሩ። አንዷ አልቻለችም። ከዚያ ሌላዋም አልቻለችም። አዳራሹ፣ ሬሳ ባለበት፣ በሳቅ ተሞላ።

ፒም አልሳቀችም። ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክካ አንድ መጽሐፍ አወጣችና ከኋላ ገለጠችው። ባዶው ገጽ አለ። መሐሉ ላይ ዓረፍተ ነገሯ ብቻዋን አለች። ቅርብ የሚለውም ቃል አንዲት ምልክት ነበረችው፤ ያለ እሷ ሲያነቡት ድምፁ ሩቅ ይሆናል።

«ክሩ እስካለ ድረስ እናት ሩቅ ናት።»

ደጋግማ አነበበችው። ሳቁ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

ሉንግ በዚያች ሰዓት ደረሱ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ምስጋና ሊቀበሉ የመጡ ይመስላሉ። «እህ? ወረቀቱ አያምርም?» አሉ።

ፒም ገጹን ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። «ያንብቡት፣ ሉንግ።»

አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡ።

«እናቴን ምን አደረጓት?» አለች ፒም። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ይልቅ ሰለለ። «ሁሉንም ተውኩልዎት እኮ። ነብሩንም ተውኩት። ይቺን አንዲት መስመር ብቻ... ሰው ሁሉ ቤቱ ወስዶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣታል። ‹እናት ሩቅ ናት› ብዬ ጻፍኩ እኔ?»

ሉንግ ቻሎም አፋቸውን ከፈቱ። አዳራሹ በሙሉ ያቺን ቃል ጠበቀ። አልመጣችም። አፋቸውን መልሰው ዘጉና ወጥተው ሄዱ። የሞተር ብስክሌታቸው ድምፅ በማንጎ ዛፎቹ በኩል እየራቀ ተሰማ።

«ሸሹ» አለች አንዷ ሴት።

ፒም ጄ ሁዋይ ጋ ደወለች። ስልኩ ውስጥ ማሽን እየጮኸ ነበር።

«እህቴ፣ እኔ አታሚ እንጂ አንባቢ አይደለሁም! ታሽጎ መጣልኝ፣ እንደታሸገ አተምኩ። ምልክቱ የወደቀው ከመታሸጉ በፊት ነው። አሁን ልድገም ብል ወረቀቱ አልቋል፣ የሚያጥፍልኝ ሰውዬም አገሩ ገብቷል። ለነገ አይደርስም። በቡድሃ ስም አይደርስም!»

ፒም ስልኩን ዘግታ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀመጠች። ካርቶኖቹን ማየት አልቻለችም። ነገ መጽሐፉን አላድልም ብትል እናቷ እንዳልኖረች ትሆናለች፤ አድላለሁ ብትል እናቷ ሩቅ ናት። ለዚህ የሚሆን ፋይል የትኛው እንደሆነ የሚነግራት አልነበረም።

ፓ ሳይዩት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልበልሽ? ነብሩን አትንኩት።»

«ምን?»

«እንዳለ ይቆይ እላለሁ። በዚህ ከተማ እናትሽ የሰፋችውን ለብሶ ትምህርት ቤት አጥር ያልዘለለ ልጅ ማን አለ? የኔዎቹ ሁለቱም ነብር ነበሩ። የሰፋችው ነብር ነው።»

«አባቴስ ‹በቃ› ሆኖ ይቅር?»

«ከአባትሽ ወዲያ ሌላ ባል አግብታለች? አላገባችም። አንድ ባል ነበራት፣ በቃ!»

ፒም ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀባት፤ የትኛው እንደቀደመ ራሷም አላወቀችም።

ሉንግ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ከብስክሌቱ ወርደው ማንንም ሳያዩ አለፉ። ብብታቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘዋል፤ ከቴሌፎን ቤት የቀራቸው፣ የሽቦ መለያ የሚጽፉባቸው ቀጫጭን ብዕሮች ያሉበት ነው። ከካርቶኖቹ አጠገብ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። አንድ መጽሐፍ አወጡ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ፣ በብዕሩ ከቃሉ አናት ላይ ያቺን ትንሽ ምልክት አስቀመጧት። ጠመመች። ቀለሙ ሲደርቅ አዩና መጽሐፉን ወደ ጎን አድርገው ሌላ አወጡ።

አንዲት ሴት «ላግዝዎት» ብላ ብዕር አነሳች።

«አይሆንም።»

«ብዙ እኮ ነው፣ ሉንግ።»

አንገታቸውን ሳያቀኑ «ከባድ ነው» አሉ።

ሴቶቹ ተያዩ። ፔትቡሪ ውስጥ ይህን ቃል ከእርሳቸው አፍ የሰማ ሰው አልነበረም። ፓ ሳይዩት ሩዝ አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠችላቸው፤ ቀዘቀዘ። ካርቶኖቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ምልክቶቹ አንዳቸውም አንዳቸውን አይመስሉም ነበር። አንዷ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ አንዷ ከቃሉ ከፍ ብላ እንደ ወፍ ትበራለች፣ አንዷ ደግሞ ከጎኗ ካለው ቃል ጋር ልትጋጭ ምንም አልቀራት። ፒም ከምሰሶዋ ሳትነሳ ታያቸው ነበር። ቁጣዋ የት እንደገባ ልታገኘው አልቻለችም።

ቅዳሜ ላምዱአን ተቃጠለች። ሸኚዎቹ ከሬሳው ጋር የሚቃጠለውን የሰንደል እንጨት አበባ አኑረው ሲወርዱ ከፒም እጅ መጽሐፉን ተቀበሉ። ብዙዎቹ እዚያው ቆመው ገለጡት። ነብሩ ጋ ሲደርሱ ፈገግ ይሉና የመጨረሻውን ገጽ ወደ ዓይናቸው ያቀርቡታል። አንድ ሰው አውራ ጣቱን በብዕር በተጻፈችው ምልክት ላይ አሳልፎ «በእጅ ነው እንዴ?» አለ። ጄ ሁዋይም ጥቁር ለብሳ መጥታ ነበር፤ ገጹን አይታ በሹክሹክታ «ይሄን ማሽኔ አይችለውም» አለች።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሉንግ ቻሎም አዳራሹ ደረጃ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ የራሳቸው ቅጂ ተገልጧል። ፒም አጠገባቸው ተቀመጠችና አየችው። የቃሉ አናት ባዶ ነው።

«ይቺን ረስተዋታል» አለች።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

ሉንግ የሬሳ ማቃጠያውን ጭስ ማውጫ አዩት። ጭሱ ሳስቶ ሊጠፋ ነው። «ሥራዬ ምን ነበር? ሩቅ ያለን ሰው ቅርብ ማድረግ ነው። በተራራም በሩዝ ማሳም ሽቦ ጎትቼ ከዚህ እስከ ዳር አገር ሰው አገናኝቻለሁ። ለታናሽ እህቴ ግን የምዘረጋው ሽቦ የለኝም።» ገጹን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «የናንተ ቅርብ ትሁን። የኔ ቅጂ ስሕተት የለበትም፤ ትክክል ነው የታተመው።»

እኚህ ሰው በእናቷ ትከሻ ላይ ራሰ በራ ያበቀሉ፣ በጸሎቷ መሐል ወጥ ያስገቡ፣ ሸሚዟን ነብር ያደረጉ ናቸው። ፒም እጇን ዘርግታ ከኪሳቸው ብዕሩን መዘዘች፤ መጽሐፉን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበቷ ሳበችው፤ ትንፋሿን ይዛ ምልክቷን ከቃሉ አናት ላይ አሳረፈቻት።

«ይኸው» አለች። «ቀላል ነው፣ ሉንግ።»

ሉንግ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አንስተው በቅርብም በርቀትም መረመሩት። ፒም የሚለው ስም በታይ ቋንቋ ማተም ማለት ነው፤ እናቷ ያወጣችላት ቁርጥ የራሷ ኅትመት ሆና ስለተወለደች ነው።

«ጠማማ ናት» ብለው ፈረዱ። «ስምሽ ማተም፣ እጅሽ እንዲህ!»

ሆኖም አላጠፏትም። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበርና እንዳይዛባ ቀስ ብለው እፍ አሉባት። ከዚያ ብስክሌቱን ለፒም ሰጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ መጽሐፉን እንደተገለጠ በሁለት እጃቸው ለነፋሱ ይዘው፣ ነጂዋን አንዴም «በዚህ እለፊ፣ በዚያ እለፊ» ሳይሉ፣ ቤት እስኪደርሱ ገጹን አልዘጉትም።